ያልገቡት ኳሶች

የቢል ራስልን የጨዋታ መዝገብ የገለጠ ሰው ቁጥር አያጣም። 13 የውድድር ዘመን፣ 963 ጨዋታ፣ 14,522 ነጥብ፣ ከሰሌዳና ከቀለበት ነጥሮ ሲመለስ የለቀመው ኳስ 21,620፣ ለጓደኛው አቀብሎ ያስቆጠረው 4,100። ዓይን እንዲህ እያለ በመስመሩ ላይ ይጓዝና «ብሎክ» ከሚለው ዓምድ ሲደርስ ባዶ ቦታ ይገጥመዋል። ዜሮ እንኳ አልተጻፈበትም። ዜሮ ቢጻፍበት ሰውዬው አላደረገውም ማለት ይሆን ነበር። ባዶው ግን አልቆጠርንለትም ማለት ነው።

ብሎክ ማለት መቼም የሠፈር ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ወደ ቅርጫቱ የተወረወረን ኳስ ገና ሽቅብ እየወጣ ሳለ አየር ላይ ማምከን። ነገሩን የሚያስቀው (ወይም የሚያሳዝነው፣ እንደ አንባቢው ስሜት) ራስል ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በዚሁ ባልተቆጠረለት ሥራ መሆኑ ነው። የአሜሪካው ባለሙያዎች ሊግ፣ ኤን.ቢ.ኤ.፣ የመከኑ ኳሶችን መቁጠር የጀመረው በ1973 በተከፈተው የውድድር ዘመን ነው። ራስል ጫማውን ከሰቀለ አራት ዓመት አልፎት ነበር። ቆጠራው በተጀመረበት በዚያው ጥቅምት ወር ኤልሞር ስሚዝ የሚባል የሎስ አንጀለስ ተጫዋች በአንድ ምሽት 17 ኳስ አመከነ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ክብረ ወሰን ሆኖ ይጠቀሳል። በዕድሜ ዘመን ድምር አንደኛው 3,830 ያመከነው ሐኪም ኦላጁዎን፣ ሁለተኛው ደግሞ 3,289 ያመከነው ዲኬምቤ ሙቶምቦ ነው፤ ናይጄሪያና ኮንጎ፣ ሁለቱም የአፍሪካ ልጆች። ከ1973 በፊት የነበረው ሁሉ ግን ምስክር እንጂ መዝገብ የለውም። (የራስልን ነገር ሳወራ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የራሴን ጉዳይ ስነካ ወደኛው እመለሳለሁ።)

እኔ የቅርጫት ኳስ ሊቅ አይደለሁም። በትምህርት ቤታችን አስፋልት ሜዳ ላይ፣ መረብ በሌለው ቀለበት ሥር፣ ቁመቴ ስለረዘመ ብቻ «አንተ እዚህ ቁምና እንዳይገባ አድርግ» ተብዬ የቆምኩ ነኝ። ያገቡት ልጆች ስም በማግስቱ ሰልፍ ላይ እየተጠራ ይጨበጨብላቸዋል። የኔ ስም የሚነሳው በኔ በኩል ሲገባ ነው። እንግዲህ ሰው የራሱን ቢጤ መፈለጉ አይቀርምና፣ ካደግሁ በኋላ በዓለም ላይ ስመ ጥር የሆነ «እንዳያስገቡ» የሚያደርግ ሰው አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ መልሱ ራስል ሆኖ አገኘሁት።

የተወለደው በ1934 ሉዊዚያና ውስጥ፣ ሞንሮ በሚባለው ከተማ አካባቢ ነው። ያ አገር ያኔ ለጥቁር ሰው ምን እንደነበረ መተረክ አያሻም። ልጁ ገና ስምንት ዓመት ገደማ ሳለ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ወደ ኦክላንድ ተሰደደ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው እናቱ ኬቲ ሞተች። አባቱ ቻርሊ ልጆቹን ትቶ ላለመራቅ ሲል ብረት ማቅለጫ ውስጥ ተቀጠረ። ልጁ ከዚያ በኋላ ብቸኛ ሆነ፤ መጻሕፍት ቤት እየሄደ የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥዕል ትክ ብሎ ያይና እቤቱ ገብቶ በቃሉ ለመሣል ይታገላል። አልሆነለትም። እጁ እምቢ አለ እንጂ ዓይኑ ግን አንድ ነገር ተማረ፤ ያየውን ነገር ዓይኑን ጨፍኖ ደግሞ ማየት። ይኸ ነገር ወደ ኋላ ትልቅ ጉዳይ ሆኗል።

ኳሱንም ቢሆን አልቻለበትም ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በማክላይመንድስ ከታዳጊዎቹ ቡድን ሊባረር ሲል ጆርጅ ፓውልስ የሚባል ነጭ አሠልጣኝ አስቀረው። ለአሥራ አምስት ማልያ አሥራ ስድስተኛ ሰው ነበርና የመጨረሻዋን ማልያ ከሌላ ልጅ ጋር እየተፈራረቀ ለበሰ፤ ዛሬ አንተ፣ ነገ እኔ። የዓለም ታላቁ ተከላካይ ሥራውን የጀመረው በግማሽ ማልያ ነው ማለት ነው። ትምህርቱን ሲጨርስ ካሊፎርኒያ ውስጥ እየተዘዋወረ የሚጫወት የወጣቶች ቡድን ውስጥ ተጨመረ። ቡድኑ በአውቶቡስ ሲጓዝ ሌሎቹ ሲያንጎላጁ ራስል መስኮቱ ላይ ተደግፎ የጓደኞቹን እንቅስቃሴ በዓይነ ሕሊናው ደጋግሞ ያይ ነበር። አጥቂው እንዲህ ሲሄድ እኔ የት ልሁን? እዚያ ላይ ነው ሥዕሉ የተሣለለት።

በዚያ ዘመን የነበሩ አሠልጣኞች አንድ ትምህርት ነበራቸው፤ ጥሩ ተከላካይ እግሩን ከመሬት አያነሳም። ዝለል ካልከው አጥቂው ያታልለውና ያልፈዋል። ራስል ግን 2 ሜትር ከ8 ነበርና፣ በዚያ ላይ እንደ ከፍታ ዘላይ ይዘልላልና (በእርግጥም የከፍታ ዝላይ ተወዳዳሪ ነበር)፣ መዝለሉን አልተወም። የቅርጫት ኳስ መከላከል እስከዚያ ድረስ ወደ ጎን የሚደረግ ነገር ነበር፤ እሱ ወደ ላይ አደረገው። ነፃ ትምህርት የሰጠው አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነበር፤ የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ፣ ያኔ የራሱ የስፖርት አዳራሽ እንኳ ያልነበረው። እዚያ ከኬ.ሲ. ጆንስ ጋር አንድ ክፍል አደረ። ጆንስም እንደሱ ማስቆጠር የማይሆንለት፣ ማስጣል የሚሆንለት ሰው ነበርና ሁለቱ ልጆች ሌት ተቀን ስለ ማዕዘንና ስለ ርቀት ያወሩ ነበር። ውጤቱ በ1955 እና በ1956 የአሜሪካ ኮሌጆች ዋንጫ፣ በተከታታይም 55 ድል ሆነ። የኮሌጆቹ ሹማምንት መላ ጠፋቸውና ከቅርጫቱ ሥር ያለውን የተቀባ ክልል ከ1.8 ሜትር ገደማ ወደ 3.6 ሜትር ገደማ አሰፉት። ሰውየውን ማቆም ሲያቅት ሜዳውን መቀየር!

በዚያው ዓመት መጨረሻ በሜልቦርን ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ፤ በፍጻሜው ሶቪየት ኅብረትን 89 ለ 55 ረቱ። የኛም አገር ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው እዚያው ሜልቦርን ላይ ነው። ማሞ ወልዴ ሜዳሊያ ሳያገኝ የሮጠበት፣ ገና ወጣት የነበረበት ኦሊምፒክ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ከተማ ውስጥ በአንድ ሰሞን መገኘታቸውን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ በላይ ግን ግንኙነት አላበጅላቸውም።

የቦስተኑ አሠልጣኝ ሬድ ኦወርባክ ይህን ልጅ ለማግኘት ሁለት ሰው ሰጠ። ኤድ ማኮሊ የሚባለው በጊዜው ስመ ጥር ተጫዋች ነበር፤ ልጁ ታሞበት ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ሴንት ሉዊስ መመለስ ይፈልግ ነበርና ለሱም ተስማማው። ሌላው ክሊፍ ሄገን ነው። ብዙ ሰው ኦወርባክን ታዘበው። ነጥብ የማያስቆጥር መሐል ተጫዋች ምን ያደርጋል? ቦስተን የሚያስቆጥር ሰው ሞልቶታል፤ ኳስ የሚያመጣለት ነው ያጣው። ኦወርባክ ለራስል የነገረው ነገር ደግሞ አሠሪ ከተባለ ሰው አፍ የማይጠበቅ ነው፤ ስለ ደመወዝ ስንነጋገር ስንት አስቆጠርክ ብዬ አልጠይቅህም፣ ኳሱን አምጣልን እንጂ አለው። እንዲህ ያለ አሠሪ ያጋጠመው ሰው ካለ ይጻፍልኝ።

እስቲ አሁን ወደ ሥራው ራሱ እንግባ። አብዛኛው ተከላካይ ኳሱን አየር ላይ ሲያገኘው በሙሉ ኃይሉ ጠፍጥፎ ወደ ተመልካቹ ይሰደዋል። ሕዝቡ ይጮኻል፣ ፎቶግራፍ አንሺው ያነሳል፣ ባለ ጥፊው ደረቱን ይነፋል። ሆኖም ኳሱ ከሜዳ ወጥቷልና ለዚያው ለአጥቂው ቡድን ይመለሳል፤ እንደገና ይሞክራል። ራስል እንዲህ አያደርግም። በጣቶቹ ጫፍ ነክቶ ወደ ላይ ያነሳትና ራሱ ይቀልባታል፣ ወይም ጓደኛው ወዳለበት ገፋ ያደርጋታል። ኳሷ ሳትቆም ቦብ ኩዚ ጋ ትደርሳለች፤ ኩዚ ደግሞ በዘመኑ አቻ ያልነበረው አቀባይ ነበርና ባላጋራው ፊቱን ሳያዞር ቦስተን በሌላው ጫፍ አስቆጥሮ ይመለሳል። ያቺ ሁለት ነጥብ የምትጻፈው በአስቆጣሪው ስም ነው። የኩዚም ስም በማቀበል ዓምድ ይገባል። ያስጀመራት ሰው የትም የለም።

ይኸ አንደኛው ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይረቅቃል። ራስል የሁሉንም ሰው ኳስ ማምከን እንደማይችል ያውቃል፤ ሰው ነውና። ስለዚህ በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ኳስ ያመክንና የቀረውን ለባላጋራው ሐሳብ ይተውለታል። አጥቂው ነፃ ሆኖ ሳለ «አሁን የት ነው ያለው?» ብሎ ቀና ይላል። ቀና ሲል እጁ ይቸኩላል፣ ወይም አንድ እርምጃ ርቆ ይወረውራል፣ ወይም መወርወሩን ትቶ ያቀብላል። ኳሱ ሲስት ራስል አልነካውም፤ አጠገቡም አልነበረ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ብሎክ ከ1973 ወዲህም ቢሆን የሚቆጥረው የለም። ሦስተኛም አለ፤ ጓደኞቹ ከኋላቸው ማን እንዳለ ስለሚያውቁ ኳስ ለመንጠቅ ይደፍራሉ፤ ቢያልፋቸውም ግድ የላቸውም። የነጠቁት ሲሳካ ጭብጨባው የነሱ ነው።

በ1957 የፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ላይ የሆነውን ልጨምር። ባላጋራው ሴንት ሉዊስ ነው፤ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ አንድ ደቂቃ አልቀረውም፤ ቦስተን በአንድ ነጥብ ይመራል። ጃክ ኮልማን የተባለ የሴንት ሉዊስ ተጫዋች ሜዳው መሐል ላይ ኳስ አገኘና ብቻውን ወደ ቅርጫቱ ገሠገሠ። ራስል በሌላው የሜዳው ጫፍ፣ ከመስመሩ አጠገብ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጦ ኮልማንን ደረሰበትና ኳሷን ከአየር ላይ አስቀራት። ጨዋታው ሁለት ተጨማሪ ሰዓት ወስዶ 125 ለ 123 አለቀ፤ ቦስተን በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ። የዚያን ቀን መዝገብ ለራስል 19 ነጥብና 32 ከሰሌዳ የተመለሰ ኳስ ጽፎለታል። ቶም ሃይንሶን 37 ነጥብ አለው። የኮልማን ኳስ ግን የትኛውም ዓምድ ውስጥ የለችም።

አሁን ስለ ሙያ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልናገር፤ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ነኝና ከቤት ሳልወጣ ነው የምናገረው። በ1961 በተጀመረው የውድድር ዘመን ዊልት ቻምበርሊን የሚባለው ግዙፍ ሰው በአማካይ በየጨዋታው 50.4 ነጥብ አስቆጠረ፤ በአንዱ ምሽትማ 100 አስቆጥሮ ዓለምን ጉድ አሰኘ። ከዚያ ወዲህ አማካዩን የደረሰበት የለም። በዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ ስፖርት ጸሐፊዎቹ የዓመቱን ምርጥ አምስት ሲያወጡ በመሐል ተጫዋችነት ቻምበርሊንን አስቀመጡ። ራስልን ወደ ሁለተኛው ዝርዝር ጣሉት። የዓመቱ ኮከብ ምርጫ ግን በዚያ ዘመን የሚደረገው በተጫዋቾቹ በራሳቸው ድምፅ ነበር፤ እነሱ የመረጡት ራስልን ነው። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ይባል ነበር። በ1958ም፣ በ1961ም፣ በ1962ም ሆነ፤ ሦስት ጊዜ ተጫዋቾቹ ከሁላችንም ይበልጣል ያሉትን ሰው ጸሐፊዎቹ በቦታው ላይ ሁለተኛ አሉት። ጸሐፊው እጁ ላይ ያለው የነጥብ ወረቀት ነው። ተጫዋቹ ደግሞ ኳሱ የመከነበት ራሱ ነው።

አልፈርድባቸውም። እኔም ገጽ ተቆጥሮ የሚከፈለኝ ሰው ነኝ፤ ከጽሑፌ ውስጥ የሰረዝኩት ዓረፍተ ነገር ተቆጥሮልኝ አያውቅም፣ ምንም እንኳ የሰረዝኩት ከተውኩት ይልቅ ብዙ ድካም የጠየቀኝ ቢሆን። ሰው የሚቆጥረው የሚታየውን ነው። ነገሩ ከኳስ ሜዳ ወጥቶ እንጀራ ላይ ሲመጣ ግን ፈገግታው ይቀራል፤ ይህንንም የማውቀው ከአባቴ ነው።

አባቴ ዘበኛ ነበር። መርካቶ አካባቢ ካለ አንድ የጨርቅ መጋዘን ከሌላ ጓደኛው ጋር እየተፈራረቀ አሥራ ሰባት ዓመት ሌሊቱን አደረ። ካፖርቱ፣ ዱላው፣ ፊሽካው፣ የእጅ ባትሪው ዛሬም በዓይኔ ላይ አሉ። ጠዋት ከመውጣቱ በፊት የጥበቃው መዝገብ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል፤ «ሌሊቱ በሰላም አድሯል»፤ ይፈርማል። አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ሄጄ መዝገቡን ስገልጠው ከላይ እስከ ታች ያው ዓረፍተ ነገር፣ ያው ፊርማ ነው። ልጅ ነበርኩና ሳቄ መጣ። ከሁለቱ ዘበኞች አንዱ ሁልጊዜ ያው ቢጫ ሰማያዊ ብእር ይዋሳልና አልፎ አልፎ የቀለሙ መልክ ብቻ ይለያያል።

በ2001 ዓ.ም.፣ እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ድርጅቱ ወጪ ለመቀነስ ተነሳ። የአስተዳደሩ ሹም አባቴን አስጠራው። አነጋገሩ የክፉ ሰው አነጋገር አልነበረም፤ አባቴ ራሱ እንዲህ እያለ ነው የሚተርከው።

«አባባ፣ እርስዎ እዚህ ሲሠሩ ከመጋዘኑ ዕቃ ጠፍቶ ያውቃል?»

«የለም ጌታዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ክር እንኳ አልጠፋም።»

«እንግዲያውስ ሁለት ዘበኛ ምን ያደርግልናል? ይኸ ሠፈር ሰላም ነው ማለት እኮ ነው።»

አባቴ መልስ አላገኘለትም። መልሱ ምን ሊሆን ይችላል? መዝገቡን ይዞ ቢሄድ መዝገቡ የሚመሰክረው ለሹሙ ነው። ያን ዕለት እቤት ሲገባ እናቴ እጣኗን እያጨሰች ነበር። ነገሩን ከሰማች በኋላ ዝም ብላ ቆየችና፣

«አንተዬ፣ አልፎ አልፎ አንድ ጣቃ ጨርቅ ብታሰርቅላቸው ምን ነበረበት?» አለችው።

መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። የዚያ ዓመት የቤት ኪራይ እንዴት እንደተከፈለ ግን አላወራውም።

አንባቢ እንግዲህ «በነጋታው መጋዘኑ ተሰበረ» እንድል ይጠብቅ ይሆናል። ተረት ቢሆን እንዲህ ነበር የሚሆነው። አልተሰበረም። እኛ እስከሰማነው ድረስ አንዱ ዘበኛ ብቻውን እያደረ መጋዘኑ በሰላም ኖረ። ሹሙ ልክ ነበር ማለት ነው? ወይስ ሌባው አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የባትሪ ብርሃን እያየ ተስፋ ቆርጦ ሥራ ቀይሮ ነበር? ይህን የሚያውቅ ሰው የለም፤ አባቴም አያውቅም። ከሁሉ ይልቅ የሚከነክነው እሱ ይመስለኛል።

በራስል የቀናሁት በዚህ ነው። ለሱ ማስረጃ ወጣለት። ቦስተን ሴልቲክስ ራስል ከመምጣቱ በፊት አንድም ዋንጫ አልነበረውም። እሱ በነበረበት 13 ዓመት ውስጥ 11 አነሳ፤ ከ1959 እስከ 1966 ደግሞ ስምንቱን በተከታታይ። ካመለጡት ከሁለቱ አንዱ የ1958ቱ ነው፤ የፍጻሜው ሦስተኛ ጨዋታ ላይ ራስል ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ፣ ስድስተኛው ላይ የሴንት ሉዊሱ ቦብ ፔቲት 50 ነጥብ አስቆጥሮ ዋንጫውን ወሰደ። ሁለተኛው በ1967 የነቻምበርሊን ፊላደልፊያ ነው። ራስል በ1969 አቆመ። በተከታዩ የውድድር ዘመን ቦስተን 34 አሸንፎ 48 ተሸነፈ፤ ከሃያ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጥሎ ማለፉ ውጭ ቀረ። እርግጥ ነው ያን ዓመት ሳም ጆንስም አብሮ አቁሟል፤ ሁሉን ነገር በራስል ላይ መለጠፍ አይገባም። ቢሆንም ቀዳዳው የት እንደነበረ ለማየት መነጽር አያስፈልግም። ባዶው ዓምድ ሊናገር ያልቻለውን እሱ ያልነበረበት ዓመት ተናገረው።

ይኸን ሁሉ ዋንጫ ያመጣለት ከተማ እንዴት እንደያዘው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። አዳራሹ ብዙ ጊዜ አይሞላም ነበር፤ የበረዶ ሆኪው ቡድን ግን ይሞላው ነበር። ሬዲንግ በሚባለው የነጮች መኖሪያ ቤት ቢገዛ፣ ሌቦች ሳይሆኑ ጥላቻ ያሰከራቸው ሰዎች ገብተው ዋንጫዎቹን ሰባበሩ፤ ግድግዳው ላይ የስድብ ቃል ጻፉ፤ አልጋው ላይ ተጸዳዱ። በ1961 ቡድኑ ለወዳጅነት ጨዋታ ወደ ኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን ሲሄድ የሆቴሉ ቡና ቤት ጥቁሮቹን ተጫዋቾች አላስተናግድም አለ። ራስልና ጥቁር ጓደኞቹ ሻንጣቸውን አንስተው ሳይጫወቱ ተመለሱ። በ1963 በዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ ተገኘ። በማግስቱ ዓመት፣ ሜድጋር ኤቨርስ ከተገደለ በኋላ፣ ሚሲሲፒ ወርዶ ነጭና ጥቁር ልጆችን በአንድ ላይ አሠለጠነ፤ ያ በዚያ ጊዜ ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነበር። ኤፍ.ቢ.አይ. ስለሱ በያዘው ፋይል ውስጥ ለነጭ ሕፃናት ፊርማ የማይሰጥ እብሪተኛ ተብሏል። ፊርማ አለመስጠቱስ እውነት ነው፤ ለጥቁሩም ለነጩም አይሰጥም ነበር። ቁጭ ብለህ ሻይ ጠጣና እንጨዋወት ይላል እንጂ ወረቀት ላይ አይጭርም። እኔ በበኩሌ ይህን ጠባዩን አልወደድኩለትም ነበር፤ ሕፃን ልጅ ምን አደረገ? ኋላ ግን ቤቱ የደረሰበትን ሳነብ ዝም አልኩ።

በ1966 ኦወርባክ ወንበሩን ሲለቅ ራስልን አሠልጣኝ አደረገው፤ በኤን.ቢ.ኤ. የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ። እያሠለጠነም ይጫወት ነበርና የመጨረሻዎቹን ሁለት ዋንጫዎች፣ የ1968ንና የ1969ን፣ ራሱ አዝዞ ራሱ ታዝዞ ነው ያመጣቸው። የመጨረሻውን ለማየት ሎስ አንጀለሶች የድል ፊኛ ጣሪያው ላይ ሰቅለው ጠብቀው ነበር፤ ሰባተኛውን ጨዋታ ቦስተን 108 ለ 106 ሲያሸንፍ ፊኛዎቹ እዚያው ቀሩ። በዚያ ዓመት ኤን.ቢ.ኤ. ለመጀመሪያ ጊዜ የምርጥ ተከላካዮችን ዝርዝር አወጣ። ራስል ገባበት። ሊሄድ ሲል!

ክብሩም ሲመጣ እንደዚያው ዘግይቶ ነው፤ እሱም አልተቻኮለለትም። በ1972 ስድስት ቁጥር ማልያው ቦስተን አዳራሽ ላይ ሲሰቀል በሮቹ ሳይከፈቱ፣ ተመልካች ሳይገባ፣ ጥቂት የድሮ ጓደኞቹ ባሉበት እንዲሆን ጠየቀ፤ እንዲሁ ሆነ። በ1975 የዝነኞች አዳራሽ ስሙን ሲያሰፍር አልሄደም። ከሱ በፊት የነበሩ ጥቁር ተጫዋቾች ሳይገቡ እኔ አልቀድምም የሚል ነገር ነበረው፤ ከነዚያ አንዱ፣ በ1950 ወደ ሊጉ የተመረጠው የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ቻክ ኩፐር፣ በ2019 ሲገባ ነው ራስል ቀለበቱን የተቀበለው። በ2011 ፕሬዚዳንት ኦባማ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አጠለቁለት። ሐምሌ 31 ቀን 2022 በ88 ዓመቱ ሞተ። ወዲያው ስድስት ቁጥር ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ እንዲነሳ ተወሰነ፤ ከዚያ በፊት ለማንም ያልተደረገ ነው።

ባለፈው ክረምት የአባቴን ቤት ስጠይቅ የራስልን የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች በስልኬ አሳየሁት። መነጽሩን አጥልቆ ስልኩን ከዓይኑ ራቅ አድርጎ ያዘ። የቅርጫት ኳስ ሕግ ምንም አያውቅም። አንዷን ኳስ ሁለት ሦስት ጊዜ መላልሶ ካየ በኋላ፣

«ይኼ ሰውዬ ኳሱን አያይም» አለ።

«ታዲያ ምኑን ያያል?»

«የሚመጣውን ሰውዬ ወገቡን፣ እግሩን። እጁ እኮ ይዋሻል ልጄ። በጨለማ የመጣብህ ሰው እጁን ካየህ አለቀልህ።»

እኔ ስንት መጽሐፍ አገላብጬ ያላየሁትን ነው። እንደገና አየሁት፤ እውነቱን ነው፣ የራስል ዓይን የአጥቂው ወገብ ላይ ነው፤ ቀና የሚለው ኳሷ ከእጅ ስትለቅ ብቻ ነው።

«ስንት ይከፍሉት ነበር?» ሲል ጠየቀ ጥቂት ቆይቶ።

በ1965 የሆነውን ነገርኩት። ቻምበርሊን በዓመት 100,000 ዶላር የተፈራረመ የመጀመሪያው ሰው መሆኑ ሲሰማ ራስል ወደ ቦስተን ሹማምንት ሄደ፤ 100,001 ዶላር ጠየቀ፤ ሰጡትም።

አባቴ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«አንዷ ለምኗ ናት?»

«ያኛው ነጥብ አስቆጣሪው ነው አባባ። መቶ ሺውን ያገኘው።»

ነገሩን ሲያብላላው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያን ዕለት እናቴ ስለ ጣቃው ጨርቅ ስትናገር እንደሳቀው ያለ ሳቅ ነው፤ ድምፅ የሌለው። እናቴ ከጓዳ «ምን ሆናችሁ?» አለች።

«ነይማ» አላት፤ «ነይና አንድ ሰውዬ ላሳይሽ።»